አሮጌ ቮልስ ከመግዛትህ በፊት፦ የጨረታ ዋጋ እንዴት ይነበባል፣ ዝገት የት ይፈለጋል

ጎጃም ውስጥ ቆሞ የቀረ አሮጌ መኪና ፈልገህ አታጣም። ደብረ ማርቆስ የሆነ ሰው ጓሮ፣ ፍኖተ ሰላም ከጋራዥ ጀርባ፣ ባሕር ዳር ደግሞ ዶሮ የሚያድርባት አንዲት ቮልስ ትኖራለች። ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። ባለመኪናውን ልጁ ስልክ ላይ ቪዲዮ አሳይቶታል፤ አሮጌ መኪና በሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱም ቮልስ ቅርስ ሆናለች፤ ዋጋዋን ስትጠይቅ ደህና ኮሮላ የሚገዛ ብር ይጠራልሃል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለው ሰው ፊት ባዶ እጅህን እንዳትቆም ነው። መጀመሪያ በትልልቆቹ ጨረታዎች የስፖርት መኪና ዋጋ ከምን እንደሚመጣ እናያለን። ከዚያ ያንኑ ዓይን ይዘን ቮልሷ ሥር እንተኛለን።

ለምን ቮልስ? ፌራሪ ቡሬ ላይ ቆሞ ስለማይገኝ ነዋ። ከውጭ ላስመጣ ብትል ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ግን ቮልስ የዋዛ አይደለችም፤ የፖርሽ ዘመድ ናት። በ1948 የተጀመረው ፖርሽ 356 መነሻው የቮልስ ዕቃ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ አራቱ ሲሊንደሮች ተኝተዋል፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። 356 የሚመረምር ሰው የሚያጎነብስበት ቦታና አንተ ቮልስ ላይ የምታጎነብስበት ቦታ ብዙም አይለያይም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የቪዲዮውን ዋጋ መፍታት

በ2022 አንድ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኡህለንሃውት ኩፔ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። የዚህ መኪና ዓይነት የተሠራው 2 ብቻ ነው። በ2018 ደግሞ አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ እሱ የተሠራው 36 ነው። ቮልስስ? 21,529,464። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑኤብላ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው። ስለዚህ ሻጩ "ብርቅ ናት እኮ" ሲልህ ይህን ቁጥር በልብህ ያዝ። ፊቱ ላይ አትጥራበት፤ ትጣላላችሁ።

ቀጥሎ ዋጋው ራሱ ምን እንደያዘ ማወቅ አለብህ። ዜና ላይ የምታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ መዶሻው የተመታበት ሳይሆን የገዢው ኮሚሽን የተጨመረበት ነው፤ ኮሚሽኑም በትልልቆቹ የጨረታ ቤቶች 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይሆናል። ሻጩም በበኩሉ ለቤቱ ይከፍላል። የተሰማው ዋጋና ኪስ የገባው ዋጋ አንድ አይደሉም። ሌላም አለ፦ ባለቤቱ "ከዚህ በታች አልሸጥም" ብሎ በምስጢር ያስያዘው ዋጋ ካልተደረሰ መኪናው ሳይሸጥ ይመለሳል፤ ዩቲዩብ ላይ ግን የተጠራው ትልቁ ቁጥር ተጽፎ ይቀራል። ያ ዋጋ አይደለም። ገዢ ያላገኘ ምኞት ነው።

አንድ ሽያጭ ብቻ አይተህም ገበያው ይህ ነው አትበል። ሁለት እልኸኛ ሀብታሞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ከተገናኙ ዋጋው ጣሪያ ይነካል፤ በሚቀጥለው ወር ያው ሞዴል ግማሹን ላያወጣ ይችላል። ስለዚህ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተቀራራቢ ዓመት፣ ተቀራራቢ ሁኔታ ያላቸውን ብዙ ሽያጮች ሰብስብ። ከላይም ከታችም ያፈነገጡትን ጣልና መሐሉን ያዝ።

አሁን "ሁኔታ" ወደሚሉት እንምጣ። አንዳንድ የአሜሪካ ዋጋ አውጪዎች መኪናን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጡታል፤ ጀርመኖቹ ከ1 እስከ 5። 1 ማለት ለውድድር የሚቀርብ፣ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን የማይተናነስ፣ ብዙ ጊዜም በመንገድ የማይነዳ ነው። 2 በጣም ጥሩ ነው፤ ጉድለቱን ለማግኘት አዋቂ ይፈልጋል። 3 የሚነዳ፣ ከሩቅ የሚያምር፣ ጠጋ ስትለው ጠባሳው የሚታይ ነው። እኛ አገር "ክሽን ያለች ናት" የሚባሉት አብዛኞቹ እዚህ ናቸው። 4 ሥራ ይፈልጋል። በጀርመኖቹ 5 ደግሞ ዶሮዎቹ የሚያድሩባት ናት። ከ4 ወደ 2 ለማድረስ የሚወጣው ገንዘብ በ4 እና በ2 መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ቆሻሻ መኪና በርካሽ ገዝቼ አድሼ አተርፋለሁ የሚል ሁሉ ይህችን ሒሳብ ወረቀት ላይ ቢሠራት ጥሩ ነበር።

ሦስት ሽያጮችን ልጥቀስና ወደ ሥራችን እንግባ፤ ሦስቱም ለጓሮዋ ቮልስ የሚጠቅም ነገር አላቸው።

በ2015 ፓሪስ ላይ ባዮን በሚባል ቤተሰብ እጅ ለብዙ ዓመታት ቆመው የቀሩ መኪኖች ለጨረታ ቀረቡ። ከመሐላቸው የመጽሔት ክምር የተጫነበት ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ነበር። ከነአቧራው ቀርቦ በ16.3 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ቀለም ቀብተው፣ ወንበሩን በአዲስ ቆዳ ሸፍነው አላቀረቡትም፤ ገዢዎቹ የፈለጉት ማንም ያልነካካውን ነበርና። በዚያው ዓመት የዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን ፖርሽ 356 በ1.76 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። መኪናው ዙሪያውን በሥዕል የተዥጎረጎረ ነው፤ ዋጋውን የሰቀለው ባለቤትነቱ ነው፤ ያም በማያጠራጥር ማስረጃ የሚታወቅ። እኛ ዘንድ "የጃንሆይ ጄኔራል ይነዳት ነበር" የሚል ታሪክ በነፃ ይታደላል፤ ሊብሬው ላይ የጄኔራሉ ስም ከሌለ ለታሪኩ አምስት ሳንቲም አትጨምር። ሦስተኛው በ2023 የተሸጠው የ1954 ፌራሪ 500 ሞንዲያል ነው። ተቃጥሎ፣ ተጨራምቶ፣ መኪና መሆኑ እንኳ የሚያጠራጥር ብረት ነበር። 1.875 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የተገዛው ማንነቱ ነው፤ ማንነቱ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩ።

ከመኪናዋ በፊት ቁጥሩን

ሊብሬውን ጠይቅ። ዋናውን፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። የሻጩ ስም፣ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠም አለባቸው። ባለቤቱ ካረፉ ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ መያዛቸውን እይ። አንዱ ወንድም አዲስ አበባ፣ አንዷ እህት ውጭ አገር ከሆነች "እነሱ ችግር የላቸውም" የሚለውን ቃል አትቀበል።

ቮልስ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የኋላ ወንበሩን ስታነሳ ከመሐል በሚያልፈው ወፍራም ብረት ላይ ተመቶ ይገኛል። ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከእስኮርታ ጎማው በስተኋላ ደግሞ ትንሽ ሰሌዳ አለ። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ሞተሩ ላይ ተመትቷል። ሦስቱንም በጨርቅ ጥረግ፣ ፎቶ አንሳ። ቁጥሩ አካባቢ የተሞረደ፣ የተበየደ ወይም ከዙሪያው የተለየ ቀለም ካየህ አቁም፤ ቡናውን ጠጥተህ ሂድ።

ቁጥሩ ዓመቱንም ይነግርሃል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው ዓመቱን ያሳያሉ። 118 ብሎ ከጀመረ የ1968 ሞዴል ቮልስ ናት፤ 119 ከሆነ የ1969። ሞዴል ዓመቱ የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ነሐሴ ስለሆነ 118 የምትል መኪና በ1967 መጨረሻ ላይ ተሠርታም ልትሆን ትችላለች። 14 ብሎ የሚጀምር ካገኘህ ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ እሱ ካርማን ጊያ ነው፣ የቮልስን አንጀት የያዘ የስፖርት ቅርጽ ያለው መኪና፣ እስከ 1974 የተሠራ። በነገራችን ላይ ሻጩ "የ60 ሞዴል" ካለህ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቅ። የ1968 መኪና በእኛ 1960 ላይ ይውላል፤ ስምንት ዓመት ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ቁጥሩ ንጹሕ ከሆነ በቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን ሙዚየም በክፍያ የልደት ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበረችና መቼ እንደተሠራች የሚገልጽ። ለመንዳት ብቻ ከሆነ አያስፈልግህም። ቆይተህ ለሰብሳቢ ልትሸጥ ካሰብክ ግን ይጠቅምሃል።

ዝገት፦ እዚህ ጋ ግማሽ ቀን አጥፋ

ሞተር ይጠገናል። ካምቢዮ ይቀየራል። የበሰበሰ ላሜራ ግን ገንዘብህን ይጨርሳል፣ አንተንም ይጨርስሃል።

የአውሮፓን መኪና የሚበላው በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። የእኛን የሚበላው ሌላ ነው፦ የእንጅባራና የዳንግላ ክረምት፣ ፓራፋንጎ ሥር ተለጥፎ የሚደርቅ ጭቃ፣ ያረጀ የመስታወት ጎማና የባትሪ አሲድ። ስለዚህ የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ያየኸውን ዝርዝር እንዳለ አትከተል።

ይዘህ የምትሄደው፦ ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት (ቀለም እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልለው)፣ ካቻቢቴ፣ የስልክ መብራት፣ የምትተኛበት ካርቶን። "መኪናዋን እንዳታጥቧት" ብለህ አስቀድመህ ደውል። የታጠበች መኪና ብዙ ትደብቃለች። ከቻልክ ዝናብ ባደረ ማግሥት ሂድ፤ ምንጣፉን ስትነካው እርጥብ ከሆነ የት እንደምታፈስ ትፈልጋለህ።

መጀመሪያ ራቅ ብለህ ቁም። በበሩና በአካሏ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው? ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ወይ ተጋጭታለች ወይ ወለሏ ለቋል። በሩን ከፍተህ ጫፉን ወደ ላይ አንሳው። በሩ ብቻ ከተነቃነቀ ማጠፊያው አርጅቷል፣ ቀላል ነው። ማጠፊያው የተያዘበት ላሜራ ራሱ አብሮ ከተነቃነቀ ግን ነገሩ ከባድ ነው።

ማግኔቱን በበሮቹ የታችኛው ጫፍ፣ በፓራፋንጎዎቹ መጋጠሚያና በፊት መብራቶቹ ዙሪያ አሳልፈው። የሚይዝ ከሆነ ብረት ነው፤ የሚንሸራተት ከሆነ ስቱኮ ነው። ትንሽ ስቱኮ ነውር አይደለም፣ የማንኛዋም አሮጌ መኪና ነገር ነው። ማግኔቱ መዳፍ በሚያክል ቦታ ላይ ጭራሽ ካልያዘ ግን የምትገዛው መኪና ሳይሆን ልስን ነው።

አሁን የኋላ ወንበሩን አንሳ። ባትሪው በስተቀኝ አለ፤ ከሥሩ ያለው ወለል ከሁሉ ቀድሞ የሚሄድ ነው። አሲድ ሲንጠባጠብበት ኖሯል። ባትሪውን አስነሥተህ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ እያልክ አንኳኳ፤ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሰማሃል ወይስ እንደ ካርቶን ድፍን ያለ? (ባለቤቱን አስፈቅድ። ስለት ባለው ጫፍ የሰው መኪና የሚወጋ ሰው በጎጃም ምድር በሰላም አይወጣም።)

ከዚያ ካርቶንህን ዘርጋና ተኛ። በሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ሣጥን መሰል ብረቶች ከሞተሩ ሙቅ አየር የሚያመጡ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ማሞቅ ብቻ አይደለም፣ አካሉን ከወለሉ ጋር የሚያስተሳስሩትም እነሱ ናቸው። እነዚህ ከበሰበሱ አካሉ ተነሥቶ መሠራት አለበት። ብዙ ጋራዥ ላይ የሚደረገው ከላይ ሌላ ላሜራ መበየድ ነው፤ ከሥር ስታይ ላሜራ በላሜራ የተደራረበ፣ ጥቁር ቅባት የተቀባ ነገር ካየህ እሱ ነው። ጥቁሩ ቅባት አዲስ ከሆነ በተለይ ጠርጥር። ማንም ሰው ሊሸጥ ባሰበበት ሳምንት የመኪናውን ሆድ ለጤናዋ ብሎ አይቀባም።

ሌላው ቶሎ ያልቃል፤ የእስኮርታ ጎማውን አንሥተህ ጉድጓዱን እይ፣ ክሪክ የሚገባበትን ቦታ እይ፣ የፊት እግሮቹን የያዘው ብረት ከወለሉ ጋር የሚጋጠምበትን እይ። የመጨረሻው ላይ ብየዳ ካለ ጎበዝ ላሜራ ሠራተኛ ይዘህ ተመለስ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቅህ

ስትደርስ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅህ ዳስስ። ሞቃት ከሆነ ባለቤቱ ቀድሞ አስነሥቷታል፤ ጠዋት ማስነሣት ከባድ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ ከሆነ ማለዳ ሂድ፤ ብርዱ ለአንተ ይመሰክራል።

ሳይነሣ አንድ ፈተና አለ፤ ከሁሉ የምወደው። ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ራስህ ሳብ፣ ወደ ውስጥ ግፋ። ጤነኛ ሞተር ላይ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጨረሻው 0.15። ይህ በእጅ አይታወቅም ማለት ይቻላል። "ቋ፣ ቋ" የሚል ድምፅ ከሰማህ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት፤ ሻጩ የቱንም ያህል "ትናንት ባሕር ዳር ደርሳ መጣች" ቢል።

የነዳጅ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እጠፋቸው። ከተሰነጠቁ ወይም ከጠነከሩ ይቀየራሉ። ብዙ ቮልስ የሞተው ተቃጥሎ ነው። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ ጭንቅ ነው።

በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ክፍተቱን የሚዘጋው የጎማ ማሸጊያ መኖራቸውን እይ። ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። አንዳንድ መካኒክ "ይከለክለኛል" ብሎ ላሜራዎቹን አውጥቶ ይጥላል። ከዚያ የጋለው አየር ተመልሶ ይገባል፣ ሞተሩም ዓባይ በረሃ ላይ ይንገበገባል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርደው መጀመሪያ የሚቃጠለው የ3ኛው ሲሊንደር ቫልቭ ነው፤ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ስታስለካ ይሄኛው ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ምክንያቱን አወቅህ።

አስነሣ። ስትነሣ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ብሎ ቢጠፋ ሲሊንደሩ የተኛ ስለሆነ ነው፣ አትደንግጥ። ካልጠፋ ዘይት ትበላለች። የዲናሞው መብራት መጥፋት አለበት። ይህን መብራት በኋላም አትርሳው፤ እየነዳህ ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ቺንጋው ከሌለ ማቀዝቀዣው የለም፣ ስለዚህ ወዲያው ቁም።

መንዳት

ባሕር ዳር ከሆንክ ወደ ቤዛዊት ቤተ መንግሥት የሚወስደው አቀበት ይበቃሃል። ደከመች ብለህ ግን አትፍረድባት። የባለ 1200 ሲሲዋ ሞተር አዲስ ሆኖ እንኳ 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ። ፈረንጁ በባሕር ጠረፍ የነዳትን እዚህ አትጠብቅ።

በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጥና እግርህን ድንገት አንሳ። ማርሹ ዘሎ ከወጣ ካምቢዮው ይፈታል። አቀበት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ ነው። ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበችህ ታምቡሮዎቹ ይታዩ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርድበት ቀን ሲመጣ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ፤ ታምቡሮ ከጋለ ፍሬን የለም ማለት ነው።

ዋጋውን መሥራት

ቁጥሮቹ ለሒሳቡ ብቻ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ የገበያ ዋጋ አይደሉም። እንበልና ተሠርታ ያለቀች ቮልስ አንተ ከተማ 500 ሺህ ብር ታወጣለች። የወለል ሥራ 80 ሺህ፣ ፍሬንና ጎማ 60 ሺህ፣ ሞተር 90 ሺህ፣ ወረቀትና ስም ማዛወሪያ 20 ሺህ ተባልክ። ድምሩ 250 ሺህ ነው። በዚህ ላይ 30 በመቶ ጨምር፤ ከተፈታች በኋላ የሚገኝ ጉድ አለና። 325 ሺህ ሆነ። የቀረህ 175 ሺህ ነው። ከዚያ በላይ ከከፈልክ ለፍቅር ነው፤ ለፍቅር መክፈልም ይቻላል፣ ግን አውቀህ ይሁን።

የፋብሪካ ቀለሟ፣ የመጀመሪያው ሞተሯ፣ የድሮው መሪና ክሩስኮት ያለባት ብትገኝ ትንሽ ወደ ላይ ውጣ። ጨርቋ የተቀደደ መሆኑ አያሳስብህ። በቻይና ወንበርና በሚያብረቀርቅ ቸርኬ "ያዘመኗት" ከሆነ ወደ ታች ውረድ።

ስትከራከር መኪናዋን አትስደብ። የአባታቸው መኪና ልትሆን ትችላለች። "አያ፣ ከባትሪው ሥር ወለሉ ሄዷል፤ ይኸው እርስዎም ይዩት፤ ይህን ለማሠራት ይህን ያህል ተጠይቄያለሁ" በል። ያየውን ነገር አይክድም። ዝም ካለ አንተም ዝም በል።

ግዢው ከሰው ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት ወይም ከባንክ ጨረታ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በበኩር ጋዜጣ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ የወጣውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ። "ባለበት ሁኔታ" የሚል ቃል ካለ፣ ብዙ ጊዜም አለ፣ ከገዛህ በኋላ ሞተሩ ውስጥ ፒስተን ባይኖር እንኳ የምትከሰው የለም። ስለዚህ ለማየት በተፈቀደው ቀን መካኒክ ይዘህ ሂድ። ማስነሣት ከከለከሉ ሞተሩን እንደሞተ ቆጥረህ ዋጋ ስጥ። ሲፒኦ ከማሠራትህ በፊት ግብርና ስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል፣ መኪናዋን በስንት ቀን ማንሣት እንዳለብህ አጣራ። ፖስታው ውስጥ የምታስገባውን ዋጋ ቤትህ ጻፍና አሽገው። በር ላይ የሚያገኝህ ደላላ "እገሌ ይህን ያህል ሰጥቷል" ቢልህ ፖስታውን አትክፈተው።

ከተስማማህ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ተዋዋል፣ መኪናዋን በጭነት መኪና አስመጣ። ለዓመታት የቆመች ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ቅዳው፣ የነዳጅ ቱቦዎቹን ቀይር፣ ዘይቱን አውጥተህ አዲስ 2.5 ሊትር ሙላ፣ ካንዴላዎቹን ፍታና ሞተሩን በእጅህ አዙረው። ያለ ችግር ከዞረ ባትሪ እሰር፤ ስታስነሣት አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ከኋላ ይቁም።